አንዲት ጥሻ በሜዳ መካከል፦ ፍልሰተኛ ዘማሪ ወፎችን ማረፊያቸው ላይ የማየት ዘዴ

ወፍ ለማየት የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በእግሩ ነው። ብዙ በሄደ መጠን ብዙ የሚያይ ይመስለዋል። ደን ውስጥ ይህ አንዳንዴ ያዋጣል፤ ሰፊ ሜዳ ላይ ግን፣ ያውም በፍልሰት ወቅት፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሜዳ ላይ የሚመጡት ወፎቹ ናቸው። የተመልካቹ ሥራ የት እንደሚያርፉ አስቀድሞ መገመት፣ ከእነሱ ቀድሞ መድረስና አርፎ መቀመጥ ነው። እኔ ይህን ለማመን ሦስት የፍልሰት ወቅት ፈጅቶብኛል፤ ሦስቱንም ከዛፍ ዛፍ ስሮጥ ነው ያሳለፍኩት።

ወፉ ለምን ከሰማይ ይወርዳል?

ይህን ሳይረዱ ባይኖኩላር (የራቀውን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) መግዛት ትርፉ ድካም ነው። አብዛኞቹ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች ረጅሙን ጉዟቸውን የሚያደርጉት በሌሊት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳሉ፤ ሲበሩ አድረው ሊነጋጋ ሲል ይወርዳሉ። ሌሊት አየሩ ቀዝቃዛና የረጋ ነው፤ ቀን የሚያድኑት ጭልፊትና መሰሎቹ ተኝተዋል፤ ቀኑም ለመብላት ይተርፋል። መንገዳቸውን ከሚያውቁባቸው ምልክቶች አንዱ ኮከብ ነው። ስቲቨን ኤምለን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ኢንዲጎ በንቲንግ የሚባሉትን ወፎች ፕላኔታሪየም ውስጥ አስገብቶ ሰው ሠራሹን ሰማይ ሲያዞርባቸው፣ ወፎቹም አብረው አቅጣጫቸውን ማዞራቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትሟል።

አሁን ንጋት ላይ ያለውን ወፍ ያስቡት። ሌሊቱን ሙሉ ክንፉን ሲያርገበግብ አድሯል፤ ስቡ ተሟጧል። ከበታቹ ደን ቢኖር በየዛፉ ይበተን ነበር፤ አንድ ሺህ ወፍ ቢወርድም ተመልካቹ አሥሩን ቢያይ ነው። ከበታቹ ሣርና እርሻ ብቻ ከሆነ ግን፣ በዚያ ሁሉ ስፋት መካከል ያለችው አንዲት የዛፍ ጥሻ የሁሉም መናኸሪያ ትሆናለች። የሜዳ ምልከታ ምስጢሩ ይኸው ነው።

የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሜዳዎች ለአብነት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1942 ድረስ በዚያን ጊዜ ሜዳዎቹን ይመታ የነበረውን የአቧራ ማዕበል ለመግታት የአሜሪካ መንግሥት ከሰሜን ዳኮታ እስከ ቴክሳስ 220 ሚሊዮን ያህል ዛፎች አስተክሎ ነበር፤ የዛፎቹ ተራዎች ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠሙ 30,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። የተተከሉት ነፋስ እንዲሰብሩ ነው። ወፎቹን ማንም አላማከረም፤ ሆኖም ዛሬ ከእነዚያ ዛፎች የተረፉት ለፍልሰተኞች የተዘረጋ ማረፊያ ሆነው ያገለግላሉ።

1. ቦታውን ይምረጡ፤ ትንሽ ይሁን

የሳተላይት ምስል ያለበት ካርታ ይክፈቱና አካባቢውን ሌሊት ከላይ እንደሚበር ወፍ ሆነው ይመልከቱት። በቢጫና በቡናማ መካከል ነጠል ያለ አረንጓዴ የት አለ? የጅረት መታጠፊያ፣ የነፋስ መከላከያ የዛፍ ተራ፣ የተተወ የእርሻ ቤት ግቢ፣ የመቃብር ቦታ፣ የኩሬ ዳር ቁጥቋጦ፣ ሁሉም እጩዎች ናቸው። በአቅራቢያቸው ሌላ ዛፍ በሌለ መጠን ዋጋቸው ይጨምራል።

ሰው በደመ ነፍሱ ትልቁን ይመርጣል። እኔ ግን በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ዙሪያውን ተዞሮ የሚያልቀውን እመክራለሁ። በትንሽ ጥሻ ውስጥ ወፉ የሚደበቅበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ዛሬ የመጣው ትናንት እንዳልነበረም በእርግጠኝነት ማወቅ ይቻላል። ውሃ ካለው ሌላ ቦታ አይፈልጉ። ከረጅም ዛፍ በታች ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦ በታች አረምና የወደቀ ቅጠል ያለው ጥሻ፣ ከሥሩ ተጠርጎ ከጸዳ የዛፍ ተራ እጅግ ይሻላል፤ አንዱ ወፍ አናት ላይ፣ ሌላው መሐል፣ ሦስተኛው መሬት ላይ ነውና የሚመገበው።

ጥሻውን ብቻ አይዩ። ሁሉም ዘማሪ ወፍ ዛፍ አይፈልግም። ጅራታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወዛውዙት ዋግቴይሎችና ዊቲሮች አጭር ሣር፣ የታረሰ መሬትና የከብት ሰፈር ይወዳሉ። ቢጫ ደረት ያለው የሎ ዋግቴይል ከከብቱ እግር ሥር ተርመስምሶ፣ ኮቴው ያስነሳውን ነፍሳት ሲለቅም ይገኛል። ስለዚህ ጥሻ፣ ውሃና አጭር ሣር ጎን ለጎን ያለበት ቦታ ካገኙ ፍለጋው አብቅቷል።

የሰው ይዞታ ከሆነ አስፈቅደው ይግቡ፤ አጥር አይዝለሉ። ባለቤቱ የት ውሃ እንደማይደርቅ ከማንም በላይ ያውቃል።

2. ወቅቱን ይወቁ

ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን የፀደዩ ፍልሰት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የመጸዉ ደግሞ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ወደ ሰሜን በራቁ መጠን ፀደዩ ይዘገያል፣ መጸዉ ይቀድማል። ሁለቱ ወቅቶች ጠባያቸው የተለያየ ነው። በፀደይ ወፉ ይቸኩላል፤ የመራቢያ ቦታውን ቀድሞ መያዝ አለበት፤ በብዙ ዝርያዎች ወንዶቹ ቀድመው ያልፋሉ፤ ላባቸው ደማቅ ነው፣ መንገድ ላይም ይዘምራሉ። ጀማሪ በፀደይ ይጀምር። በመጸው ፍልሰቱ ለሳምንታት ይንዛዛል፤ የዓመቱ ጫጩቶች ስለሚጨመሩበት ቁጥሩ ይበዛል፤ ላባው ግን የደበዘዘና የሚያምታታ ነው፤ ዝማሬም የለም ማለት ይቻላል።

3. ሌሊቱን ያንብቡ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ከአምስት ቀን አራቱን ባዶ ጥሻ እያየ ይመለሳል። ከዕለቱ ምሽት ጀምረው ሁለት ነገር ይከታተሉ፦ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስና ዝናብ መቼ እንደሚደርስ።

ነፋሱ ወፎቹ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ከነፈሰ በገፍ ይነሳሉ። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚሁ ጥርት ብሎ ካደረ ግን አብዛኞቹ ከእርስዎ አናት በላይ አልፈው ሄደዋል፤ ጠዋት ጥሻው ቀዝቀዝ ብሎ ያገኙታል። ነፋሱ ከምሽቱ ጀምሮ ከፊታቸው ከመጣ ደግሞ የሚነሳ ጥቂት ነው፤ ጠዋት የሚያዩት የትናንቱን ወፍ ነው። ተመልካች የሚጸልይለት ሌሊት ሦስተኛው ነው። ማታ የጅራት ነፋስ አስነስቷቸው በመንገድ ላይ ሳሉ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዝናብ ወይም ቀዝቃዛ የፊት ነፋስ ይገጥማቸዋል። ያን ጊዜ ምርጫ የላቸውም፤ ባገኙት ነገር ላይ ይወርዳሉ። ከንጋት በፊት ዝናብ ጣሪያዎን ሲመታ ከሰሙ አልጋ ውስጥ አይቆዩ። ለወፉ ክፉ የሆነው ሌሊት ለእርስዎ የወቅቱ ምርጥ ጠዋት ነው፤ ይህ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ራዳር ያለበት አገር ከሆኑ ሌላም መንገድ አለ። የአየር ጠባይ ራዳር የሚያየው ዝናብን ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከጣቢያው ዙሪያ እንደ አበባ እየሰፋ የሚሄድ ክብ በምስሉ ላይ ከታየ፣ ያ ከመሬት የተነሳ የወፍ መንጋ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር የሚያዘጋጀው በርድካስት ይህንኑ የራዳር መረጃ ተንትኖ የሌሊቱን ፍልሰት ትንበያ ያወጣል። ራዳሩ ስንት እንደሚበር እንጂ የትኛው ዝርያ እንደሚበር አይናገርም። ራዳር በሌለበት የነፋስ ትንበያ ብቻውን ይበቃል፤ እኔ ዛሬም ከሁሉ በላይ የማምነው እሱን ነው።

4. ባይኖኩላሩን ያስተካክሉ

8x42 የሚል የተጻፈበትን ይያዙ። 8 ማለት ወፉ ስምንት ጊዜ ቀርቦ ይታያል ማለት ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ሲያካፍሉ የሚያገኙት 5.25 ሚሊሜትር ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይህ ስፋት ዋጋ አለው። 10 የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፋትም ይጠባል። ቅጠል ውስጥ ለሚዘል ትንሽ ወፍ 8 ይሻላል። ሁለት ሜትር ያህል ቀርቦ ያለን ነገር አጥርቶ የሚያሳይ መሆኑንም ሲገዙ ያረጋግጡ፤ ዝም ብለው ሲቀመጡ ወፉ በጣም ይቀርባልና።

ብዙ ሰው ባይኖኩላሩ ለዓይኑ ሳይስተካከል ለዓመታት ይጠቀምበታል። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው። ራቅ ያለ ጽሑፍ ወይም የሽቦ አጥር ይምረጡ። የቀኙን ሌንስ በመዳፍዎ ይሸፍኑና በመካከለኛው መዘውር በግራ ዓይንዎ አጥርተው ያስተካክሉ። ከዚያ ግራውን ይሸፍኑ፤ መካከለኛውን መዘውር ሳይነኩ በቀኝ ዓይን በኩል ያለችውን ቀለበት ብቻ እስኪጠራ ያዙሩ። ቀለበቷ የቆመችበትን ምልክት ያስታውሱ፤ ቦርሳ ውስጥ መንቀሳቀሷ አይቀርም።

ወፉን በመስታወቱ ውስጥ አለማግኘት የጀማሪ ሁሉ ብሶት ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ወፉን በዓይኑ አይቶ፣ ባይኖኩላሩን ለመፈለግ ወደ ደረቱ ያቀረቅራል፤ ቀና ሲል ቅርንጫፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ዓይንዎን ከወፉ ላይ አይንቀሉ። እጅዎ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያምጣው እንጂ ዓይንዎ ወደ ባይኖኩላሩ አይሂድ። ቤት ውስጥ በበር እጀታና በመብራት ማብሪያ ላይ ይህን ሃምሳ ጊዜ ቢለማመዱ አንድ ወር ሜዳ ላይ ከመንከራተት ይሻላል።

ሌንሱን ከመጥረግዎ በፊት አቧራውን እፍ ይበሉ። የሜዳ አቧራ አሸዋ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ሲያሹት መስታወቱን ይጭራል።

5. ጠዋቱ

ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት አስቀድመው ይድረሱ፤ ግን ጥሻው ውስጥ አይግቡ። መቶ ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙና ሜዳውን ይዩ። ሌሊት ለማረፊያ በማይመች ቦታ የወረዱ ወፎች ጎህ ሲቀድ የተሻለ መጠለያ ፍለጋ እንደገና ይነሳሉ። ሣሩን እየታከኩ፣ አንዳንዴም ለብቻ፣ አንዳንዴም ሦስት አራት ሆነው ቀጥታ ወደ ዛፎቹ ሲመጡ ያያሉ። የትኛው ጥግ እንደገቡ ልብ ይበሉ።

ከዚያ አቋቋምዎን ይምረጡ። የሌሊቱ ብርድ ነፍሳቱን አደንዝዟቸዋል፤ መጀመሪያ የሚሞቁትና የሚንቀሳቀሱት ፀሐይ በመጀመሪያ በምትመታው ጠርዝ ላይ ነው። ወፎቹም እዚያ ናቸው። ስለዚህ ከጥሻው በስተ ምሥራቅ፣ ፀሐይን ለጀርባዎ ሰጥተው ይቁሙ፤ ሌላ ቦታ ጥቁር ጥላ ሆኖ የሚታየው ወፍ እዚህ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚህ ደንብ የሚያስወጣዎ ነፋስ ብቻ ነው። ከምሥራቅ ጠንከር ያለ ነፋስ ካለ ነፍሳቱ ከነፋስ ወደተከለለው ወደ ሌላው ወገን ይሄዳሉ፤ እርስዎም ብርሃኑን መሥዋዕት አድርገው ይከተሏቸው።

አሁን ይቀመጡ። ከኋላዎ ጥቁረት ያለው ነገር ይኑር፤ የዛፍ ግንድ ወይም ቁጥቋጦ፤ ሰማይ ላይ የተሳለ ሰው ከሩቅ ይታያል። ፊት ለፊትዎ በዓይንዎ ከፍታ ያለ ቅርንጫፍ ይኑር፤ አንገትን ሰቅሎ አናት አናት ማየት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያደክማል። ክርንዎን ከጎድንዎ ጋር ያጣብቁ። ቢያንስ 20 ደቂቃ ይስጡት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ባዶ ናቸው፤ የእርስዎ መምጣት ያስደነገጠው ነገር ሁሉ ተደብቋል። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚነሳውም በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። ከዚያ አንድ ቅጠል ነፋስ ሳይኖር ይንቀሳቀሳል።

እዚያ ቅጠል ላይ ይቆዩ። አንድ ጠዋት እንዲህ ስጠብቅ ቆይቼ ቢጫ አረንጓዴ የሆነች ዊሎው ዋርብለር ከቅጠሉ ጀርባ ብቅ አለች። ቅጠሉ ተጠቅልሏል፤ አባጨጓሬ ድሩን አድርቶ ሰፍቶታል። ወፏ መንቁሯን በጥቅሉ ጫፍ አስገብታ ከፈተችው፤ ከውስጥ የወጣችውን አረንጓዴ ትል ይዛ ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ መታቻት፤ ዋጠቻት፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ጥቅል ቅጠል ዘለለች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያንን ቅርንጫፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ ፈተሸችው። ስሮጥ ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ጆሮዎንም ይጠቀሙ። የአካባቢው ነዋሪ ወፎች ጥሻውን ያውቁታል፤ ፍልሰተኞቹም ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ሲመገቡ ካገኙ አብረዋቸው ይቀላቀላሉ። የለመዱት የነዋሪ ወፍ ጫጫታ ከተሰማ እንግዶቹን በመካከሉ ይፈልጉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ ካሉ ወደ ሰማይ ይመልከቱ፤ ጭልፊት እየመጣ ነው።

ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ከወጣች ሦስትና አራት ሰዓት ያህል በኋላ፣ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ውሃው ይዙሩ፤ ሁሉም ይጠማዋልና። ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ድምፁ ብቻ ወፍ ይጠራል። በራስዎ ግቢ ከሆነ ሥሩ የተበሳ ዕቃ ከቅርንጫፍ አንጠልጥሎ ከታች ሰፌድ መሰል ሳህን ማስቀመጥ ከማንኛውም ማባበያ ይበልጣል።

6. መለየት

ከቀለም አይጀምሩ። ቀለም በጥላና በፀሐይ ይለዋወጣል፤ በመጸው ደግሞ ጭራሽ ይከዳል። መጀመሪያ መጠኑን ከሚያውቁት ወፍ ጋር ያወዳድሩ፤ ከድንቢጥ ያንሳል ወይስ ይበልጣል? ቀጥሎ መንቁሩን ይዩ። ቀጭን መርፌ መሰል ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ ነው፤ አጭርና ወፍራም ከሆነ ዘር ሰባሪ ነው። ከዚያ ጠባዩን። ስፖትድ ፍላይካቸር ከአጥር ጫፍ ተነስቶ ዝንቡን አየር ላይ ይቀልብና ወደዚያው ጫፍ ወይም ወደ ጎረቤቱ ይመለሳል፤ ይህን ካዩ ቀለሙን ባያዩም ብዙ ርቀት ሄደዋል። አሜሪካን ሬድስታርት ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ዊቲር ሲበር ከጅራቱ በላይ ያለው ነጭ ከሩቅ ያበራል፤ ጅራቱ ጫፍ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «T» ፊደል መሰል ጥቁር ምልክት አለው።

ከጠባዩ በኋላ ፊቱን ይመልከቱ፦ ከዓይኑ በላይ ቅንድብ መሰል መስመር አለው? በዓይኑ ዙሪያ ቀለበት አለ? ክንፉ ላይስ ነጭ መስመር? በመጨረሻ እግሩን። እግር የምለው በቀልድ አይደለም። ዊሎው ዋርብለርና ቺፍቻፍ መንታ ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው እግሩ በአብዛኛው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ ክንፉም ረዘም ይላል፤ ሁለተኛው እግሩ ጠቆር ይላል፣ እየተመገበ ደጋግሞ ጅራቱን ወደ ታች ይነክራል። ይህን ሁሉ አይተው ካልለዩት ሳይለዩ ይተዉት። ያልተለየ ወፍ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በግምት የተጻፈ ስም ነው።

መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሚሰማውን ድምፅ አዳምጦ የወፉን ስም ይጠቁማል። ጠቃሚ ነው፤ ዓይንን የት እንደሚልኩ ይነግራል። ስልኩ ያለውን ሳያዩ መመዝገብ ግን ወሬ ሰምቶ እንደመመስከር ነው።

7. ወፉን አያስነሱ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆማለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎች ይህን የጨዋነት ምክር አድርገው ያልፉታል። የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከ12 ግራም ብዙም የማይበልጠው ብላክፖል ዋርብለር ከጉዞው በፊት በልቶ ክብደቱን ወደ እጥፍ ያደርሳል፤ ከዚያ ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ተነስቶ ሁለት ሦስት ቀን ሳያርፍ በአትላንቲክ ላይ ይበርራል፤ ይህም ጀርባው ላይ በታሰረ ትንሽ መሣሪያ ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ነዳጁ በሙሉ የሚሞላው ማረፊያ ላይ ነው። ትራሽ በሚባሉት ወፎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በፍልሰት ወቅት ካወጡት ጉልበት ለበረራ የዋለው 29 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የቀረው የወጣው በማረፊያ ላይ፣ በመመገብና በመሞቅ ነው። አንድን ወፍ በእግር እያሳደዱ አምስት ጊዜ ማስነሳት ማለት ከዚያ ሒሳብ ላይ መቀነስ ነው።

ስለዚህ የተቀረጸ ዝማሬ አያሰሙ። በመራቢያ ቦታው ላይ ያለ ወንድ ሲሰማ ይቆጣል፤ በማረፊያ ላይ ያለው ደግሞ መብላቱን አቋርጦ ይመጣል፤ በሁለቱም ይጎዳል። በከንፈር «ፕሽ ፕሽ» እያሉ መጥራትም ያው ነው። ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ከድኖ መሬት ላይ የተቀመጠ ወፍ ካዩ አይቅረቡት፤ ሕፃናትና ውሻም አያስቀርቡበት። ከክፉ ሌሊት በኋላ እንዲህ ከጫማዬ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የተቀመጠ ወፍ አግኝቼ፣ ሳልንቀሳቀስ አርባ ደቂቃ ቆሜያለሁ። መጨረሻ ላይ ዓይኑን ከፈተ፤ ፊቱ ያለችውን ጉንዳን ዋጠ፤ እየዘለለ ወደ አረሙ ገባ።

ለራስዎም ያስቡ። ሜዳ ላይ መብረቅ ሲመጣ ከሁሉ ረጅሙ ነገር እርስዎና ያ ጥሻ ናችሁ፤ ነጎድጓድ ከሰሙ ወደ መኪናዎ ይመለሱ። ውሃ ይያዙ፤ ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ ሲመለሱ መዥገር ይፈትሹ።

8. ይጻፉ

ማስታወሻው እዚያው ይጻፍ፤ ቤት ሲደርሱ የሚጻፈው ትዝታ ነው። አንድ የሚያዝያ ጠዋት ደብተሬ ላይ እንዲህ ይነበባል፦

ከ12፡20 እስከ 2፡40። ነፋስ ከሰሜን፣ ደካማ። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ዝናብ፤ ጠዋት ደመና። ምሥራቅ ጠርዝ፦ ዊሎው ዋርብለር 14፣ ቺፍቻፍ 3፣ ከሁለቱ አንዱ ሆኖ ያልተለየ 6። አጥሩ ላይ ስፖትድ ፍላይካቸር 2። ውሃው ዳር የሎ ዋግቴይል 31፣ አንዱ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፣ ቁጥሩ አልተነበበም።

ነፋሱና ዝናቡ መጻፋቸውን ልብ ይበሉ። ከሁለትና ሦስት ወቅት በኋላ ደብተሩን ሲገልጡ የእርስዎ ጥሻ በየትኛው ሌሊት እንደሚሞላ ከማንኛውም ትንበያ በተሻለ ይነግርዎታል። ለመንጋ ደግሞ አሥሩን ቆጥረው ያ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያዩና በዚያ መስፈሪያ ቀሪውን ይለኩ። ዝርዝሩን ኢበርድ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ከዓለም ዙሪያ የተመልካቾችን መዝገብ የሚያሰባስብ ሥርዓት ነው። ደማቁን ብቻ መርጠው ሳይሆን የለዩትን ሁሉ ያስገቡ።

ስለ ቀለበቱ አንድ ቃል። ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን እ.ኤ.አ. በ1899 በ165 ስታርሊንግ ወፎች እግር ላይ አድራሻና ቁጥር ያለበት የአሉሚኒየም ቀለበት ካሰረ ወዲህ፣ የወፎች መንገድ በከፊል የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። ቀለበት ያለው የሞተ ወፍ ካገኙ ፎቶ አንስተው ቁጥሩንና ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን አድራሻ በሙሉ ይመዝግቡና ያሳውቁ። በጥቃቅን መሣሪያዎች የተደረገ ክትትል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 አስገራሚ ነገር አሳይቷል፤ 25 ግራም ያህል የሚመዝነው ዊቲር ከአላስካ ተነስቶ እስያን አቋርጦ ምሥራቅ አፍሪካ ይደርሳል፤ በአንድ አቅጣጫ 14,500 ኪሎ ሜትር ገደማ።

9. ማታ ይመለሱ

ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ጥሻው እንደገና ይነቃል። ለጉዞ የተዘጋጀው ወፍ ጠባዩ ከጠዋቱ ይለያል፤ መብላቱን ትቶ ወደ ዛፉ አናት ይወጣል፣ ይቁነጠነጣል፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላል። ጨለማው ሲይዝ እርስዎ ባሉበት ይቆዩ። ሜዳ ላይ የከተማ ድምፅ ስለሌለ ከላይ የሚያልፉት አጫጭር ጥሪዎች፣ «ሲፕ»፣ «ጭ»፣ ይሰማሉ።

ጨረቃዋ ሙሉ ወይም ለሙላት የቀረበች ከሆነች ቴሌስኮፕ ይትከሉባት። ከ20 እስከ 30 ጊዜ የሚያቀርብ ይበቃል። ወፎቹ የጨረቃዋን ፊት እንደ ጥቁር ነጥብ ሲያቋርጡ ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በሰሜን አሜሪካ የወፍ ተመራማሪው ጆርጅ ላውሪ ብዙ ተመልካቾችን አስተባብሮ የአህጉሩን የሌሊት ፍልሰት ያጠናው በዚህ ዘዴ ነበር። በየ15 ደቂቃው ስንት እንዳለፉና ከየት ወዴት እንደሄዱ ይጻፉ። ዓይን ስለሚደክም ሁለት ሰው ሆኖ መፈራረቅ ጥሩ ነው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱም ዞሮላቸው ካደረ፣ ጥሻውን ባዶ ሊያገኙት ይችላሉ። እንደ ትናንቱ 20 ደቂቃዎን ይቀመጡ፤ ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ጽፈው በዝርዝሩ ቦታ 0 ያስገቡ።